ፌስታል የታሰረበት ኮርቻ

ቶሮንቶ፣ ካናዳ — በፍሌሚንግደን ፓርክ ረጃጅም የኪራይ ሕንጻዎች መካከል የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ በረንዳዎቹን ቢያይ፣ ከሳተላይት ሳህኑ፣ ከተሰጣው ልብስና ከሕፃናት ጋሪው ጋር ብስክሌት ማየቱ አይቀርም። በረዶ ሲወርድ በረዶ የሚጠግብ፣ ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ፀሐይ የሚያነደው ብስክሌት ነው። ዝቅ ብሎ በየሕንጻው መግቢያ ባለው የብረት ማሰሪያ ላይ የተደረደሩትን ልብ ብሎ ከተመለከተም መቀመጫቸው ላይ ፌስታል የታሰረባቸውን ያገኛል። ፌስታሉ ለጌጥ አይደለም። ከሥሩ የተቀደደ ኮርቻ አለ፤ ከቅዳዱ ሥር ደግሞ ውሃ የጠጣ ስፖንጅ።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለዚሁ ነው። በአገራችን ይህ ሁሉ ጉድ እያለ ስለ ብስክሌት መቀመጫ ታወሩናላችሁ ወይ የሚሉን አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ይበሉን። ነገር ግን በስደት ላይ ካለን ወገኖች ውስጥ እንጀራውን የሚያገኘው በዚያ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የሆነ ሰው አለ፤ ኮርቻው ሲበላሽ ምን እንደሚደርስበት ግን ማንም አይጽፍለትም።

ሰፈሩን ለማያውቁ እንንገር። ፍሌሚንግደን ፓርክ ከመሐል ከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ዶን ሚልስ ሮድና ኤግሊንተን አቬኑ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ነው። ስሙን ያገኘው የቶሮንቶ ከንቲባ ከነበረው ከሮበርት ጆን ፍሌሚንግ ሲሆን መሬቱ በአንድ ወቅት የእርሱ እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እርሻው ለሕንጻ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ከየአገሩ ለሚመጣ ስደተኛ የመጀመሪያ ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። በጌትዌይ ቡሌቫርድ፣ በግሬኖብል ወይም በሴንት ዴኒስ ድራይቭ በአንድ ሊፍት ውስጥ አራትና አምስት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። አማርኛና ትግርኛም በመካከሉ አሉ። በስተምዕራብ በኩል ወደ ሸለቆው የወረደ ሰው የኢ.ቲ. ሴተን ፓርክን ይዞ፣ የዶንን ወንዝ ተከትሎ፣ ከመኪና ጋር ብዙ ሳይጋፋ ወደ መሐል ከተማና ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ ይችላል። ብስክሌት በዚህ ሰፈር መዝናኛ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። የአውቶቡስ ሒሳብ ማትረፊያ ነው፣ ለብዙዎችም የሥራ መሣሪያ።

ያነጋገርነው ወንድማችን ምግብ ያደርሳል። የባሕር ዳር ልጅ ነው። ባሕር ዳርን ያየ ያውቃታል፤ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው በብስክሌት ሲርመሰመስ የኖረባት ናት። ስሙ እንዳይገለጽ አደራ ብሎናል። ለብስክሌት ኮርቻ ደግሞ ስም መደበቅ ምን ይባላል ብለን ስንስቅ እርሱ አልሳቀም። እናቱ ቢሮ የሚሠራ እንደሚመስላቸው ነገረን። እኛም ሳቃችንን ዋጥን።

የእርሱ ኮርቻ የተቀደደው ጭኑ በሚፈትገው በኩል፣ አፍንጫው ከሰፊው ክፍል ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነበር። አብዛኛው ኮርቻ የሚቀደደው እዚያው ነው። ርካሽ ላስቲክ የለበሰ መቀመጫ በበጋ ፀሐይ ይደርቃል፣ በጥር ብርድ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዝናብ ይበቃዋል። ስፖንጁ ውሃውን ይመጠውና ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይተፋዋል። ሱሪ ይረጥባል። ብርዱ ሲጠነክር ደግሞ ያው ውሃ በረዶ ሆኖ መቀመጫው ድንጋይ ይሆናል። ፌስታል አሰረበት፤ ፌስታሉ ተንሸራተተ። በቧንቧ ሠራተኞች ፕላስተር ጠቀለለው፤ የፕላስተሩ ሙጫ ሱሪው ላይ ቀረ። በመጨረሻም ሳያውቀው ከቅዳዱ ሸሸት ብሎ በአንድ ጎኑ መቀመጥ ጀመረ። ከወገቡ የተነሳው ሕመም ወደ ጉልበቱ ወረደ። ሥራው የከበደው እየመሰለው ቀናት መቀነስ ጀምሮ ነበር።

አዲስ መቀመጫ መግዛት አይሻልም ወይ? ለአንዳንዱ ይሻላል፤ ተራው ኮርቻ ዋጋው ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን ያው ርካሽ ላስቲክ ለብሶ ይመጣና በሁለተኛው ክረምት ያው ቦታ ላይ ይቀደዳል። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ የሚመዝን ነው። ሰው ብስክሌት ላይ የሚቀመጠው በሥጋው ሳይሆን ከዳሌው ሥር ባሉት ሁለት አጥንቶች ነው። የአጥንቶቹ ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለአንዱ የተመቸው መቀመጫ ሌላውን ይቆረቁራል። በመደብር ውስጥ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ትራስ የሚሰምጠው ሰፊ ኮርቻ ብዙ ሰው ያታልላል። አጥንቱ ሲሰምጥ መካከል ያለው ለስላሳ አካል ይጫናል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ መደንዘዝ ይመጣል። ስለዚህ ለሰውነቱ የተስማማ አሮጌ ኮርቻ ያለው ሰው ልብሱ ተቀደደ ብሎ ቢጥለው ጥሩ ነገር ጣለ እንላለን። የተቀደደው ልብሱ ነው፤ አካሉ ደህና ነው።

አካሉ ስንል ምን እንደሆነ ለማወቅ ኮርቻውን ፈትቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከመፍታት በፊት ግን ቱቦው ወደ ብስክሌቱ በሚገባበት ቦታ ላይ ፕላስተር ዞር ማድረግና ከጎኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል፤ ቁመቱና ዘንበል ማለቱ የለመዱት ልክ ስለሆነ ሲመልሱት መፈለግ አይኖርም። የድሮው ዓይነት ማሰሪያ ግራና ቀኝ ዳዶ አለው፤ 13 ወይም 14 ቁጥር መፍቻ ይፈታዋል። አዲሶቹ ከሥር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ የሚገባበት ብሎን አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ዳዶ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ማስቲሽ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1941 ተሸንፎ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ወንድማችን ከጎረቤቱ ከአስመራው ሰው ካቻቢቴ ሲዋስ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በሌላው ነገር የማይግባቡ ሁለት ሰዎች በመሣሪያ ሳጥን ላይ እንዲህ ሲግባቡ ማየት ደስ ይላል።

ኮርቻው ሲገለበጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ቀፎና ከሥሩ ሁለት የብረት ዘንጎች ይታያሉ። ቀፎው ላይ ስፖንጁ ተቀምጧል፣ ስፖንጁን ላስቲኩ አልብሶታል፣ የላስቲኩ ጠርዝ ደግሞ ታጥፎ ከሥር በትናንሽ የሽቦ ስፒሎች ተመትቷል ወይም በማስቲሽ ተጣብቋል። ቀፎው ከተሰነጠቀ፣ ዘንጉ ከታጠፈ ወይም በዝገት ከተበላ ጥገናው እዚህ ላይ ይቁም። ሰው ተቀምጦበት እየሄደ ዘንግ ቢሰበር የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። እንዲህ ያለውን መጣል ንፍገት ማጣት አይደለም፣ ብልህነት ነው።

ደህና ከሆነ ግን ስፒሎቹን በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንድ በአንድ ቀና እያደረጉ በፒንሳ መንቀል ነው። የተጣበቀው እምቢ ካለ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲያደርጉት ይለቃል። አሮጌውን ልብስ መቦጨቅ አይገባም፤ ሳይቆራረጥ ከወጣ እርሱ ራሱ ቅድ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት አያስቸግርም።

ከዚያ ስፖንጁ ነው። ውሃ የጠጣ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ እየተጫኑ ማውጣትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ለቀናት መተው ነው፤ ምድጃ ላይ ወይም ማሞቂያ ላይ ማስቀመጥ ያበላሸዋል። ሻግቶ ከሸተተ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ተቦርሶ የጎደለ ቦታ ካለ ደግሞ ከአሮጌ የስፖርት ምንጣፍ ቆርጦ መሙላት ይቻላል፤ ያ ምንጣፍ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ስለሆኑ ውሃ አይመጥም። በማስቲሽ አጣብቆ፣ በስለታም ምላጭ ቅርጽ አስይዞ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ወፍራም መጨመር ግን አያስፈልግም፤ ከላይ የጠቀስነው የትራስ ነገር እዚህም ይመጣል።

ማስቲሹን በተመለከተ አደራ የምንለው አለ። እዚህ አገር በብረት መሣሪያ መደብር ኮንታክት ሴመንት ተብሎ የሚሸጠው ያው ነው። በሁለቱም ገጽ ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ በጣት ሲነኩት መጣበቁን እስኪተው ድረስ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ አንዴ ከተገናኘ መመለስ የለም። ሽታው ግን ቀልድ አይደለም። ያ ሽታ በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል። በረንዳ ላይ ይሠራ፤ በተዘጋ ኩሽና ውስጥ፣ እሳት በበራበት ወይም ሕፃን ባለበት አይከፈት።

ለልብሱ ምን ይሻላል የሚለው ላይ ወንድማችንና እኛ አልተስማማንም። እርሱ ከአሮጌ ዕቃ መደብር የቆዳ ጃኬት በርካሽ ገዝቶ ጀርባውን ቆረጠ። ቆዳ ውብ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭንም ጠንካራም በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስም ያለው መሆኑን አንባቢ አይዘነጋም። ሆኖም ለጓንት የተስማማው ስስ ቆዳ ጭን ሲፈትገው ቶሎ ያልቃል፤ ለኮርቻ ወፈር ያለ የከብት ወይም የፍየል ቆዳ ይመረጣል። ያም ቢሆን ሰም እየተቀባ ካልተያዘ ዝናብ ይጠጣል። ብስክሌቱን ውጪ ለሚያድር ሰው፣ እኛ የምንመክረው ከጀርባው ሹራብ መሰል ጨርቅ ያለውን፣ ሲጎትቱት ለጠጥ የሚለውን የሶፋ ላስቲክ ነው። አሮጌ የሴት ቦርሳም ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ከወፍራም ቆዳ ብቻ የተሠራ፣ ስፖንጅ የሌለው የድሮ ኮርቻ በእጁ የገባ ሰው ግን ምንም ነገር እንዳያለብሰው። ከ1866 ጀምሮ የኖረው የእንግሊዙ ብሩክስ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ሲረግብ ከአፍንጫው ሥር ያለው ዳዶ በትንሽ በትንሹ ይጠብቃል፣ ሌላ ሕክምና አያስፈልገውም።

አዲሱ ልብስ በአሮጌው ልክ ዙሪያውን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ ይቆረጣል። የሚወጠረው መጀመሪያ ከአፍንጫው፣ ቀጥሎ ከኋላ፣ ከዚያ ግራና ቀኙ እየተፈራረቀ ነው፤ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ጨማዳ ኮርቻ ይጠብቀዋል። ላስቲኩን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ማድረግ ይረዳል። በአፍንጫው ዙሪያ ከሥር የሚሰበሰበው እጥፋት በመቀስ በትንሽ በትንሹ ተሸንሽኖ ይቀነሳል። የሶፋ ሠሪ ስፒል መምቻ ያለው ሰው አጭር፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ስፒል ይጠቀም፤ ረጅሙ ቀፎውን በስቶ ወደ ተቀማጩ ሊወጣ ይችላል። የቢሮ ወረቀት መምቻ አይሞከር።

መምቻ ለሌለው ደግሞ ወንድማችን ያሳየን ዘዴ አለ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳን እርሱ ነው። የልብሱን ጠርዝ አጥፎ በወስፌ ዙሪያውን በሳ። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ጠንካራ የናይለን ገመድ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ በቀፎው ሥር አልጋ እንደሚጠፈር ጠፈረው። እየጠፈረ ያጠብቃል፤ ሲያጠብቅ ከላይ ያለው ልብስ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ቋጠረው፣ የገመዱን ጫፍ በክብሪት አቀለጠው፤ ማስቲሹን በዚያን ጊዜ ከድኖ አርቆት ነበር። ስፒል የለ፣ መምቻ የለ። ነገ ቢረግብ ፈትቶ ማጥበቅ ይቻላል።

የት እንደተማረው ጠየቅነው። ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ቆሞ ያይ ነበር። ጠጋኙ ይህን አሠራር ያገኙት ከአባታቸው ሲሆን አባታቸው የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። የአገራችን ኮርቻ የእንጨት አካል ላይ ጥሬ ቆዳ በጠፍር ተወጥሮ የሚሠራ መሆኑን ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ልጁ ግን እዚያ ቆሞ መዋሉ ቤት ውስጥ ሲሰማ ተገረፈ። የተገረፈው ትምህርቱን ስለበደለ አልነበረም፤ ቆዳ የሚነካ ሰው ዘንድ ስለዋለ ነው።

ነገሩ ከኮርቻው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ፣ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸክላ የምትሠራውን ቡዳ እያለ የኖረ ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ሄደ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግም ሄደ፤ ስድቡ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከእኛ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሯል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የወደቀ ብረትና የተጣለ ጎማ አንስተው ዕቃ የሚያደርጉትን ሰዎች ማን አክብሮ ያውቃል? ቁራሌው በየበሩ እየተጣራ የሚሰበስበውን የሚያድሱት እነርሱ ናቸው። ብስክሌቱም ቢሆን የድሃ ነው ይባላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት ማሰለፏን፣ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይም በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ስለዚህ ቶሮንቶ ላይ ያለ አንድ ሰው መቀመጫው ተቀዶ፣ መጠገኑንም በእጁ እያወቀ፣ ሁለት ዓመት ያህል በፌስታል ላይ ተቀመጠ። በረንዳ ላይ ወስፌ ይዞ መታየቱን አፍሮ ነው። ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

መጠገን ይሻላል መጣል የሚለው ክርክር በዚህ ሰፈር ለኮርቻ ብቻ የሚነሳ አይደለም። ከሰፈሩ ጎን ያለውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል የጣሪያው ንጣፎች አስጊ ሆነዋል ተብሎ ሰኔ 2024 በድንገት በሩ ተዘጋ። ብዙ የአካባቢው ሰዎች ጣሪያው ይጠገን እንጂ ማዕከሉ አይነሳብን ብለው ጮኹ። በዚያ ክርክር ውስጥ አንገባም፤ የሰፈሩ ልጆች በእግራቸው ይሄዱበት የነበረ ቦታ እንደነበር ግን መናገር ይገባል።

አሁን ወደ ጥገናው ማለቂያ እንመለስ። ማስቲሽ የነካው ኮርቻ ሃያ አራት ሰዓት ሳይነካ ማደር አለበት። ሲመለስ ቁመቱ ቀድሞ በተጠቀለለው ፕላስተር ልክ ይሁን፤ ቀድሞም ልክ አልነበረም የሚል ሰው ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥና ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ያድርግ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ ቀጥ ካለ ቁመቱ ለመነሻ ይበቃዋል። ቱቦው ላይ ከዚህ በላይ አታውጣ የሚል ምልክት ተቀርጾበታል፤ ምልክቱ ከታየ ቱቦው አጥሯልና በረጅም መለወጥ ነው። ኮርቻው ሜዳ ይሁን፤ አፍንጫው ሽቅብ ካየ ይጫናል፣ ቁልቁል ካየ ተቀማጩን ወደፊት እያንሸራተተ ክብደቱን እጁ ላይ ይጥላል።

የተጠፈረው ኮርቻ ከሥር ክፍት ስለሆነ ከጎማ የሚረጨው ውሃ ይደርስበታል፤ የኋላ ጭቃ መከላከያ ለሌለው ብስክሌት ከአሮጌ የውሃ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ ከሥሩ ማሰር ይጠቅማል። ማሰሪያው ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት መላላቱ የተለመደ ነው። ወንድማችን በሦስተኛው ቀን ዶን ሚልስ ላይ ሲቆም ኮርቻው ከሥሩ ጢቅ ሲል ሰማ፤ ከምግቡ ቦርሳ መፍቻውን አውጥቶ ዳዶውን ሩብ ዙር አጠበቀውና መንገዱን ቀጠለ።